የሚያስቅ የፍቅር ልብ ወለድ ስንጠይቅ ለምን መቃብር ይጠቆመናል?

አንዲት ሴት «ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል፣ ልቤም ዝሏል፤ ቀለል ያለ፣ የሚያስቅ፣ መጨረሻው ደስ የሚል የፍቅር ልብ ወለድ ጠቁሙኝ» ብላ ስትጠይቅ የሚሰጣት መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚሆነው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው መላሽ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይላል። ሁለተኛው «ኦሮማይ» ይላል። ሦስተኛው፣ ጥያቄውን ጨርሶ ያላነበበው፣ የስኬታማ ሰዎችን የማለዳ ልማድ የሚተነትን መጽሐፍ ይጠቁማል። አራተኛው ደግሞ ምንም አይጠቁምም፤ «እንዲህ ዓይነቱን ከምታነቢ ቁም ነገር ያለው ብታነቢ አይሻልም?» ብሎ ይመክራል። ሳቅ ፈልጋ የመጣችው ሴት ሐዘን፣ ጦርነት፣ የስኬት ምክርና ተግሣጽ ተሸክማ ትመለሳለች።

አለመግባባት እንዳይፈጠር አስቀድሜ ልናገር። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከማንም ባላነሰ እወደዋለሁ፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የተተረከውንም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ፊታውራሪ መሸሻ ባሉባቸው ገጾች ላይ ብቻዬን ድምፅ አውጥቼ የሳቅሁባቸው ጊዜያት አሉ። ይሁን እንጂ በዛብህ የሚሞትበት፣ ሰብለ ወንጌል መንኵሳ የምትከተልበት፣ ጉዱ ካሣም የማይተርፍበት መጽሐፍ «መጨረሻው ደስ የሚል» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊሆን አይችልም። (መጨረሻውን ተናገርሽብን የሚል ካለ፣ ርዕሱ ቀድሞኝ ተናግሮታል።) የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ፊያሜታን የወደደ አንባቢ መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ ምን እንደሚሰማው ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። የመጽሐፍ ጥቆማ ማለት ጠያቂዋ የፈለገችውን ሰምቶ መመለስ ነው እንጂ፣ ጠቋሚው ራሱ ያነበበውን ታላቅ መጽሐፍ ለማስታወቅ የሚያገኘው አጋጣሚ አይደለም።

ይህ የልብ ወለድ ዓይነት ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ የሚንቁት ሰዎች ስላሉ በአጭሩ ላስረዳ። ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ፤ ብዙውን ጊዜ በመጥፎ አጋጣሚ፣ ለምሳሌ አንዷ ሌላውን ስታማ ከኋላዋ ቆሞ ሲሰማት። ከዚያ ኩራት፣ አለመግባባት፣ የቤተሰብ ጣልቃ ገብነትና የራሳቸው ሞኝነት እየተፈራረቁ ያራርቋቸዋል፤ በመጨረሻ ግን አብረው ይሆናሉ። አንባቢዋ ይህን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ታውቃለች። «መጨረሻው ከታወቀ ምኑ ይነበባል?» የሚሉን ሰዎች የዚህን ዓይነቱን ልብ ወለድ ዋና ፈተና እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። ደራሲዋ ፍጻሜውን አስቀድማ ለአንባቢዋ ከሰጠች በኋላ፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ እንዳትተኛ የማድረግ ዕዳ አለባት፤ ይህን የምትከፍለውም በንግግሩ ፍጥነት፣ አሳፋሪው ነገር በሚፈጸምበት ሰዓት ምርጫና ባለታሪኳ ስለ ራሷ በምታስበውና እኛ በምናየው መካከል ባለው ርቀት ነው። አንድ ደግ አባት ገድሎ አንባቢን ማስለቀስ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ማታ ደክሟት አልጋዋ ላይ የተጋደመችን ሴት ብቻዋን ማሳቅ ግን የሚሞክሩት ብዙዎች፣ የሚሳካላቸው ጥቂቶች የሆኑበት ሥራ ነው።

ንቀቱ የጥራት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ብዙም ባልከፋኝ ነበር። የሚያናድደኝ ግን የሚንቁን ሰዎች ራሳቸው የሚያነቡትና የሚያዩት ነገር ነው። በሲድኒ ሸልደን ትርጉሞች ላይ ሌሊቱን ያነጋ ወንድ «ምን ትምህርት አገኘህበት?» ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። የስለላና የግድያ ልብ ወለድ «ልብ አንጠልጣይ» ተብሎ ይከበራል፤ በአውቶቡስ ውስጥ ሽፋኑ ለሰው እየታየ ይነበባል። በ2000ዎቹ በየሲኒማ ቤቱ ደጅ ተለጥፈው የነበሩትን የአማርኛ ፊልም ማስታወቂያዎች የሚያስታውስ ሰው፣ ስንቶቹ ላይ «ሮማንቲክ ኮሜዲ» የሚል ተጽፎ እንደነበረና ለእነርሱ የሚሰለፈው ማን እንደነበረ ያውቃል፤ ወንዱም ሴቱም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር ደግሞ የተከበሩ አባወራዎች ሳይቀሩ በአማርኛ የሚናገሩ የቱርክ ፍቅረኞች መቼ እንደሚታረቁ ለማወቅ እራታቸውን ያስቀደሙባቸው ምሽቶች ነበሩ። ያው ታሪክ በወረቀት ታትሞ በአንዲት ሴት እጅ ሲገባ ግን በድንገት «ጊዜ ማባከን» ይሆናል። እንግዲህ የተናቀው ፍቅሩ አይደለም፤ ሳቁም አይደለም፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ፣ ማንንም ሳታገለግል፣ ለራሷ ደስታ ስትል ገጽ መግለጧ ነው።

«ምን ተማርሽበት?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው ብሶት ይገባዋል። መጽሐፍ ሁሉ የትምህርት ሚኒስቴር ማጽደቂያ ያስፈልገው ይመስል፣ ያነበብነውን ካላስተማረን ያነበብን አይመስላቸውም። የሌሊት ተረኛ ሆና ያደረች ነርስ፣ ልጆቿን አስተኝታ ግማሽ ሰዓት ያገኘች እናት፣ በዓረብ አገር በሰው ቤት ስትለፋ ውላ ማታ በጆሮ ማዳመጫዋ የአማርኛ ትረካ የምትከፍት እህት፣ ቀኑን ሙሉ ሕይወት ሲያስተምራት ነው የዋለችው። ተጨማሪ ትምህርት አልጠየቀችም።

ደግሞስ፣ ትምህርት ካልን፣ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የለም ያለው ማን ነው? የእንግሊዟ ሶፊ ኪንሴላ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመችው ተከታታይ መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል ዋናዋ ባለታሪክ ለአንባቢዎች ስለ ገንዘብ አያያዝ ምክር የምትጽፍ ጋዜጠኛ ናት፤ የራሷ የባንክ ዕዳ ግን አናቷ ላይ ደርሷል፤ ባንኩ የሚልክላት ደብዳቤና እርሷ የምትሰጠው ሰበብ መጽሐፉን በሳቅ ይሞላዋል። ሳይኖረው ለሠርግና ለድግስ የተበደረ ሰው ሁሉ ራሱን የሚያገኝበት ታሪክ ነው። ይህችው ደራሲ የአንጎል ካንሰር ከታመመች በኋላ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 ያንኑ ሕመም የሚመለከት አጭር ልብ ወለድ ስታሳትም ቀልዷን አልተወችም። የአየርላንዷ ማሪያን ኪዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣችው ልብ ወለድ የሱስ ማገገሚያ ውስጥ ስለገባች ወጣት ነው፤ ልጅቷ የምትሄድበትን ቦታ እንደ መዝናኛ ስፍራ ቆጥራ፣ ታዋቂ ሰዎችን አገኛለሁ ብላ ነው የምትጓዘው፤ አንባቢዋ ባለታሪኳ ራሷን እንዴት እንደምታታልል እየሳቀች ስታይ ቆይታ፣ የሱስን ነገር ከብዙ የምክር መጽሐፍ በተሻለ ተረድታ ትወጣለች። ኪዝ ራሷ ከመጠጥ ሱስ ያገገመች ሰው በመሆኗ የምትጽፈውን ታውቀዋለች። ሽፋኑ ሮዝ ቀለም ስለሆነ ብቻ ውስጡ ባዶ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው በመጽሐፍ ጉዳይ አስተያየት ባይሰጥ ይመረጣል።

ከዚህም የሚከፋው «እኔ የማነበው ክላሲክ ብቻ ነው» የሚለው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1813 የታተመውንና ኩሩ ባለጠጋና ምላሰ ስለታም ልጃገረድ የሚናቆሩበትን የጄን ኦስተንን ልብ ወለድ ያወድሳል፤ ሄለን ፊልዲንግ በለንደን ጋዜጣ ዓምድ ጀምራ እ.ኤ.አ. በ1996 መጽሐፍ ያደረገችውን የብሪጅት ጆንስን የዕለት ማስታወሻ ግን ያናንቃል። የሁለተኛው ሴራ በግልጽ ከመጀመሪያው የተወሰደ ነው፤ የወንዱ ባለታሪክ የቤተሰብ ስም እንኳ ዳርሲ ሆኖ ቀርቷል። ኦስተን በሕይወት ሳለች በመጽሐፎቿ ሽፋን ላይ ስሟ አልወጣም፤ መጀመሪያ ያሳተመችው መጽሐፍ «በአንዲት እመቤት» ተብሎ ነበር የወጣው። የሁለት መቶ ዓመት አቧራ ሲያርፍበት የሚከበረው ሳቅ፣ ትናንት ሲጻፍ የሚናቅበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ባህላችን አይደለም» የሚሉትንማ ወደ 1900 ዓ.ም. እመልሳቸዋለሁ። በዚያ ዓመት በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። ጦቢያ የምትባለው ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ ትጓዛለች፤ ወንድ የመሰለቻት ሌላ ሴት በፍቅር ትያዝባታለች፤ ታሪኩም የሚያበቃው በቀብር ሳይሆን በጋብቻ ነው። ማንነት መደበቅ፣ በተሳሳተ ሰው መወደድ፣ ከብዙ መከራ በኋላ ሠርግ፤ የፍቅር ኮሜዲ ከዚህ የተለየ ምን አለው? የአማርኛ ልብ ወለድ ሥራውን በሠርግ ጀምሮ፣ በኋላ ወደ መቃብር የወረደው በሌሎች እጅ ነው፤ ስለዚህ ባህሉ እኛ ጋ ነው ያለው ብል መብቴ ይመስለኛል።

የፍቅር ታሪክ የሥራ ፈት ሴት መዝናኛ ነው ለሚሉትም አንድ ሌላ ታሪክ አለኝ። ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው መጽሐፍ የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ ነበር፤ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ቀላል ኮሜዲ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ጦርነት ያለበት ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን መሐሉ ላይ የተቀመጠችው እልኸኛ፣ ማን እንደሚወዳት በጊዜው ያልገባት አንዲት ሴት ናት። በዚያ ጨለማ ውስጥ ለዚህ ታሪክ ወረቀት የተለቀመ ከሆነ፣ በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ የምታነብ ልጅ ለምን ትሸማቀቃለች?

ወደ መጽሐፍ መሸጫው እንሂድ፤ ብሶቱ እዚያም ይከተለናል። አንድ መደብር ገብቼ ቀላል የፍቅር ልብ ወለድ ስጠይቅ፣ ሻጩ በትሕትና መርቶ ያሳየኝ መደርደሪያ ባልን እንዴት መያዝ እንደሚቻል በሚያስተምሩ መጻሕፍት የተሞላ ነበር። ስለ ፍቅር መሳቅ የፈለገች ሴት ትዳሯ ችግር ላይ ያለ መሰለው። ሌላው ሻጭ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከጠረጴዛ በታች ፈለገ፤ የጠየቅሁት የሚደበቅ ነገር መስሎት ነው። በሁለቱ መካከል፣ ማለትም በምክርና በብልግና መካከል፣ ሰፊ የሳቅ አገር እንዳለ ብዙ ሻጮች አልደረሱበትም። የሚገኘውም ቢሆን አዟሪዎች በእጃቸው ደራርበው ከሚይዙት ክምር መሐል፣ በአሮጌ የእንግሊዝኛ ቅጂ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው አዲሱ ቅጂ ዋጋው አይቀመስም። ተርጓሚዎቻችንም ለግድያና ለስኬት ምክር የሚሰጡትን ትጋት ሩቡን ለዚህ ቢያውሉት ምን ነበረበት?

ስለ ሌሎች ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ የራሳችንን ወገን ሳልነካ ባልፍ አድልዎ ይሆናል። እኛ አንባቢዎቹም ስንጠቁም «በጣም ደስ ይላል፣ አንብቢው» ብለን እንተዋለን። ይህ ጥቆማ አይባልም። ሳቁ ከየት እንደሚመጣ፣ ከንግግር ይሁን ከባለታሪኳ ቅሌት፣ መነገር አለበት፤ በመሐሉ ሞት ወይም ከባድ ሕመም ካለ፣ ገና ከለቅሶ ቤት ለወጣች ጓደኛ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ የመኝታ ክፍሉ በር ክፍት ይቀራል ወይስ ይዘጋል፣ ማለትም የአልጋው ነገር በዝርዝር ይጻፋል ወይስ ይታለፋል የሚለውም ከእናቷ ጋር በአንድ ክፍል ለምታድር ልጅ ትልቅ ጉዳይ ነው። የኪዝን መጽሐፍ ለምሳሌ ቀላል ነው ብዬ ብቻ አልሰጥም፤ የሱስ ጉዳይ ቤቷ ለገባ ሴት ሳቁ ሊያማት እንደሚችል አብሬ እናገራለሁ። በብድር ለተጨነቀች ጓደኛም ኪንሴላን የምሰጠው አስጠንቅቄ ነው፤ አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ የባንኩን ደብዳቤ ስታነብ እንቅልፍ ታጣለች።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን የአገራችን ሕይወት ለዚህ ዓይነቱ ልብ ወለድ እንዲህ አመቺ ሆኖ ሳለ የሚጽፈው ሰው ማነሱ ነው። አንዲትን ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ ተልከው፣ ተሳስተው የጎረቤቷን በር የሚያንኳኩ ሽማግሌዎችን አስቡ፤ ከተቀመጡ፣ ጠጅ ከቀረበላቸውና ንግግር ከጀመሩ በኋላ ስሕተቱን ለማረም የትኛው ሽማግሌ ይደፍራል? ሁለት የማይዋደዱ ሚዜዎች በአንድ የሠርግ ኮሚቴ ውስጥ ሆነው ስለ ድንኳን ኪራይና ስለ ሥጋ ሲጨቃጨቁ የሚዋደዱበትን ታሪክ አስቡ። በአንድ ዕቁብ ውስጥ ዕጣ ሲወጣ ብቻ የሚገናኙ፣ አንዱ ለሌላው ዕጣውን ለመልቀቅ ሰበብ የሚፈልጉ ሁለት ሰዎችን አስቡ። አክስቶቻችን በአንድ ቡና ላይ የሚያወሩት ብቻ ቢጻፍ ሦስት መጽሐፍ ይወጣዋል። የሠርግ ኮሚቴውን ታሪክ የሚጽፍልኝ ደራሲ ካለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን መጽሐፉ በወጣበት ቀን ተሰልፌ እገዛለሁ፤ ከሚዜዎቹ አንዱን በመጨረሻው ምዕራፍ እንዳይገድልብኝ ብቻ አደራ።