መሸኛ ይዞ የመጣ አካል ጉዳተኛ

ታላቅ እህቴ ከሐዋሳ ወደ ባሕር ዳር ስትዛወር መሸኛዋንም፣ የሐኪሞች ቦርድ የሰጣትን ማስረጃም ይዛ ነው የመጣችው። እዚያ በከተማ ሴፍቲኔት ቀጥተኛ ድጋፍ ታገኝ ነበር፤ ሠርቶ ማደር ለማይችል ሰው ሥራ ሳይጠየቅበት የሚከፈል ገንዘብ ማለት ነው። እዚህ ስትደርስ «የተጠቃሚዎች ዝርዝር ተዘግቷል፤ አዲስ ምልመላ ሲኖር ትመዘገቢያለሽ» ተባለች። በዚያኛው ከተማ ደግሞ መሸኛው እንደወጣ ስሟ ተሰርዟል። እስከዚያ ምን ትብላ?

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን «የአካል ጉዳት ማስረጃውን ከዚህ አሠርተሽ አምጪ» መባሏ ነው። የያዘችው ወረቀት ላይ ያለው ማኅተም እኮ የመንግሥት ሆስፒታል ማኅተም ነው! ጉዳቷም እዚያም እዚህም አንድ ነው።

ለዚህ ምልልስ ባጃጅ ኮንትራት እንይዛለን፤ ተሽከርካሪ ወንበሯ ታጥፎ ከኋላ ሲገባ ለሌላ ተሳፋሪ ቦታ አይተርፍም። ቢሮው በር ላይ ስንደርስ ደረጃውን ሁለት ሰው ተሸክሞ ያወጣታል። ትልቅ ሰው ናት፤ በማያውቋት ወንዶች እጅ ስትነሣ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ዜጋ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመኖር ነጻነት አለው ይላል። በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ታዲያ ሁለት ቢሮዎች ተጻጽፈው አንድ ፋይል ማስተላለፍ እንዴት ያቅታቸዋል? ቢያንስ አዲሱ ከተማ እስኪመዘግባት ድረስ የቀድሞው ክፍያዋን አያቋርጥባት።