አራት ነጥብ

ጋሼ 46 አመጡ። ማለፊያው 50 ነው። የጎደላቸው አራት ነጥብ ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገር ቢሆኑ ኖሮ ጠብ ጠብ አድርጌ እዘጋቸው ነበር።

የማታ የሂሳብ አያያዝ አስተምራለሁ። ጋሼ የምላቸው ተማሪዬ አባቴን ያክላሉ። እሳቸው ግን «መምህር» ይሉኛል፤ ክፍል ስገባ ብድግ ይላሉ። «ኧረ ይቀመጡ በሞቴ!» ስንባባል አምስት ደቂቃ ይሄዳል። ሰሌዳ የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። የቀረ ተማሪ ካለ ደውለው የሚጠይቁትም እሳቸው። ቀልዴን ቀድመው የሚስቁልኝም እሳቸው ብቻ ናቸው (ይሄ ለብቻው ሁለት ነጥብ ያሰጣል ባይ ነኝ)።

ችግሩ ሂሳቡ ነው። ዴቢትና ክሬዲት (የመዝገቡ ግራና ቀኝ) እኩል ይሁኑ የሚለውን ሕግ ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ በ1494 በመጽሐፍ አሳትሞታል። ጋሼ ግን አልፈሩትም። በመጨረሻው ፈተና ዴቢታቸው በ320 በለጠ። ከክሬዲቱ ሥር በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ልዩ ልዩ 320» ብለው ጻፉና በማስመሪያ ሁለቴ አሰመሩበት።

«ጋሼ፣ ይሄ 320 ምንድን ነው?»

«የጎደለው ነዋ መምህር!»

እውነት ለመናገር ሙያው ራሱ እንዲህ ያለ ማቆያ አለው፤ ሰስፔንስ ይባላል። ልዩነቱ እዚያ የሚቀመጠው ግን ስህተቱ ተፈልጎ እስኪገኝ ነው። የጋሼ 320 ጡረታ ወጥቷል።

ማታ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ወረቀታቸውን እንደገና ገለጥኩ። ተራ ቁጥር 3 ላይ «ሐሳቡ ገብቷቸዋል» አልኩ። አልገባቸውም። ተራ ቁጥር 5 ላይ «ጥረታቸው ይታያል» አልኩ። የሚታየው ላጲስ ነው። በ1920 ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን ጉድ ጽፎታል፤ አለቆች ወታደሮቻቸውን ሲመዝኑ ቁመናው ያማረውን ሰው ብልህም ነው፣ ታማኝም ነው ይሉት ነበር። እኔስ? ስማቸውን በወረቀት ሸፍኜ ላርም አልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ማስመሪያው ያሳብቃል።

47 ያመጣ ሌላ ልጅም አለ። አርፍዶ ይመጣል፣ ማስቲካ ያላምጣል፣ ሰላምታ አያውቅም። ለእሱ አንድ ደቂቃ እንቅልፍ አላጣሁም። ለጋሼ አራት ከጨመርኩ ለእሱ ሦስት ልጨምር ነው? «እሱማ ይድገም!» ስል ራሴን ሰማሁት። አፈርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስሠራ ያደርኩት ምን ኖሯል? ልዩ ልዩ 4።

በማግስቱ ወረቀቱን ሰጠኋቸውና «ጋሼ፣ አልሆነም። መድገም ሊኖርብዎት ነው» አልኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። ጥያቄዎቹን አላዩም፤ ቀጥታ ወደ ድምሩ ሄዱ። 7፣ 11፣ 27። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ።

«መምህር» አሉኝ፣ ሌላ ተማሪ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ይሄ እኮ 45 ነው የሚመጣው።»

ደመርኩት። 45 ነው። ከተመዘገቡ ጀምሮ ያለ ልዩ ልዩ የደመሩት የመጀመሪያው ሂሳብ። ላቤ እየመጣ ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁና አንድ ቀነስኩ።

«አይዞዎት፣ ሰው ነዎት፤ ይሳሳታሉ» አሉኝና ሰሌዳውን ሊጠርጉ ሄዱ።