የደፈረሰው ሆን ተብሎ ነው

በቤቱ ቢራ መጥመቅ የጀመረ ሰው ገና ከጅምሩ የስንዴ ቢራን፣ ያውም ትኩስ የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ የሚገባበትን መምረጡ እንዲያው ሳይታሰብበት ነው ብዬ አላምንም። ሌላው ቢራ ጠማቂውን ያሳጣል፤ ጠርቶ መቀዳት የሚገባው ደፍርሶ ሲቀዳ ብርጭቆውን ያየ ሁሉ ጉዱን ይረዳል። የስንዴ ቢራ ግን የባለቤቱን ገመና ይሸፍናል። የስንዴው ፕሮቲንና ሳይዘቅጥ የቀረው እርሾ ስለሚያደፈርሱት መድፈረሱ ወጉ ነው፤ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ኮምጠጥ ቢል ሎሚው ነው ይባላል፤ መረር ቢል ልጣጩ ነው፤ ሙዝ ሙዝ ቢል ደግሞ እርሾው ነው። ይህኛው እንኳ እውነትነት አለው፤ ለስንዴ ቢራ የሚመረጡ አንዳንድ እርሾዎች አይሶአሚል አሲቴት የሚባለውንና የሙዝ ጠረን ያለውን ውህድ ያመነጫሉ፤ የቅርንፉድ ሽታም ጣል ያደርጉበታል። ባጭሩ፣ በዚህ ቢራ ውስጥ ጠበቃ ያልቆመለት ጥፋት አይገኝም።

ችግሩ ጠበቃው፣ ማለትም ጠማቂው ወዳጃችን፣ ረጅም ንግግር የሚወድ መሆኑ ነው። እንግዶች ወንበር ይዘው፣ ቀዝቃዛው ጠርሙስም ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ ላብ ላብ እያለው፣ ወዳጃችን መክፈቻውን በእጁ እንደያዘ ከጀርመኗ ባቫሪያ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1516 የባቫሪያ መሳፍንት ወደ ቢራ ከገብስ፣ ሆፕስ ከሚባለው ምሬት ሰጪ አበባና ከውኃ በቀር ምንም እንዳይገባ ደነገጉ። የስንዴ ቢራ መጥመቅ ግን ለአንድ የመኳንንት ቤተሰብ በልዩ መብት ተፈቅዶለት ቆየ፤ በ1602 ያ ቤተሰብ ወራሽ ሲያጣ መብቱ ከነጥቅሙ ወደ መስፍኑ እጅ ገባ። ሕጉ ለሕዝብ፣ ስንዴው ለመሳፍንት መሆኑን ወዳጃችን በምሬት ሲያስረዳ፣ እንግዳው በበኩሉ የሚማረረው ባልተከፈተው ጠርሙስ ነው። ያው ድንጋጌ ከገብሱ በፊት የሚያነሣው የቢራን የዋጋ ጣሪያ መሆኑን ግን አይነግረንም። የእርሱ ቢራ በነጻ ስለሚቀዳ ይህ አንቀጽ አይመለከተኝም ብሎ ያስባል፤ እኛ ግን በጆሯችን እየከፈልን ነው።

ከባቫሪያ ወደ ቤልጂየም ይሻገራል። በሆጋርደን ከተማ የነጭ ቢራ፣ ማለትም የዚያ አገር የስንዴ ቢራ፣ የመጨረሻው መጥመቂያ ከተዘጋ በኋላ፣ በወጣትነቱ ወተት ያከፋፍል የነበረው ፒየር ሴሊስ ሙያውን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንዴት ከሞት እንዳስነሣው፣ በቢራውም ውስጥ ድንብላልና የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ እንደሚገባበት ይተርካል። «የደረቀ» የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱ በትንሹ ይጨፈገጋል፤ እርሱ ትኩስ እንጂ ደረቅ ነገር ወደ ድስቱ አያስጠጋምና።

የቤተሰቡ ዕጣ ከእንግዳው የከፋ ነው። የጠመቃ ዕለት ማንም ወደ ምድጃው አይቀርብም። የስንዴና የገብስ ብቅል እኩል ለእኩል ተደባልቆ 66 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ከተዘፈዘፈ በኋላ ጣፋጩን ውኃ ከአሰሩ መለየት ይመጣል፤ ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። የገብስ ገለባ ከፍሬው ስለማይላቀቅ ራሱ ማጣሪያ ይሆናል፤ ስንዴ ግን ገለባውን አውድማ ላይ ጥሎ የመጣ እህል በመሆኑ እርስ በርሱ ይጣበቅና የድስቱን መውረጃ ይደፍነዋል። ዐዋቂዎች አስቀድመው የሩዝ ገለባ ይቀላቅሉበታል። ወዳጃችን ግን ጭልፋ ይዞ ከድስቱ ራስጌ ይቆማል፤ ጠብታ ይቆጥራል፤ «ምሳ መቼ ነው?» ብሎ ብቅ ያለውን ልጅ በዓይኑ ገሥጾ ይመልሳል።

ቀጥሎ የልጣጩ ተራ ነው። የሚፈለገው ቀለም ያለው ስስ የላይኛው ቆዳ ብቻ ነው፤ መዓዛውን የያዘው ዘይት ያለው እዚያ ነውና። ከሥሩ ያለው ነጩ ሽፋን መራራ ስለሆነ መነካት የለበትም። ስለዚህ ብርቱካኖቹ በደቃቅ መፈቅፈቂያ ላይ በስሱ ይፋቃሉ፤ ጥቂት የጣት ቆዳም አብሮ መሄዱ አይቀርም። ፍቅፋቂው የሚጨመረው የተጣራው ጣፋጭ ውኃ እሳት ላይ ፈልቶ ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ከዚያ ቀደም ቢል መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ተኖ ቢራው ሳይሆን ጎረቤት ያጣጥመዋል። ጭማቂውን መጨመርም ብዙ አይጠቅምም፤ እርሾው ስኳሩን ጠራርጎ ስለሚበላው በአብዛኛው የሚተርፈው ኮምጣጣነቱ ነው። እናም ልጣጫቸውን የተገፈፉት ብርቱካኖች ወደ ማቀዝቀዣ ይመለሳሉ፤ እዚያም ነጫጭ ሆነው፣ ቆዳቸው ቀን በቀን እየደረቀና እየጠነከረ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ቁርስ ላይ ብርቱካን፣ ምሳ ላይ ብርቱካን፣ ማታ ላይም እንደዚያው። ቤተሰቡ ለቢራው ያበረከተው ነገር ቢኖር የተራቆተውን ፍሬ በልቶ መጨረስ ነው።

ቀዝቅዞ እርሾ ከገባበት በኋላ መብላላት ሲጀምር ክፍሉ እንደ አራስ ቤት ይጠበቃል፤ ብርሃን ሆፕሱን ያገማዋል ተብሎ መጋረጃ ይጋረዳል፣ በር በቀስታ ይዘጋል። ወደ ጠርሙስ ሲገለበጥ ለአረፋው የሚጨመረው ስኳር ግን ዝምድናንም የሚፈትን ጉዳይ ነው። በሊትር ከስድስት እስከ ስምንት ግራም የሚበቃውን በእጁ መጠን የሚጨምር ጠማቂ አለ፤ ስኳር የበዛበት ጠርሙስ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል፤ ከእንዲህ ያለው ሰው ጠርሙስ በስጦታ የተቀበለ ወዳጅ ሌሊት ከወደ ማድ ቤት ድምፅ በሰማ ቁጥር ስጦታው ትዝ ይለዋል። መጠጣት ይፈራል፤ መጣል ነውር ነው፤ መመለስማ ጨርሶ አይታሰብም።

በመጨረሻ ቢራው ይቀዳል። ወዳጃችን ራሱ አይጠጣም፤ የእኛን ጉሮሮ ያያል። «እስቲ በእውነት ንገሩኝ፤ አትፈሩ፣ አትደብቁኝ» ይላል፤ በእውነት የሚነግረው ሰው ግን እስካሁን አልተወለደም። አንዱ «ለየት ያለ ነው» ይላል። ሌላው «አረፋው ደስ ይላል» ብሎ ከአረፋው በታች ስላለው ነገር ከመናገር ይድናል። ሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ ይህ ከሁሉም የተሻለ ዘዴ ነው፣ ቃል የለውማ። አንድ ጊዜ አንዲት የዋህ እንግዳ ብርጭቆዋ አፍ ላይ የሚሰካ የሎሚ ቁራጭ ብትጠይቅ ቤቱ ጸጥ አለ። የሎሚው አሲድና የልጣጩ ዘይት አረፋውን እንደሚያጠፋው ባለቤቱ በትሕትና አስረዳት፤ ያልተናገረው ግን ዓይኑ ላይ ይነበብ ነበር፤ ያ ሁሉ ብርቱካን የተፋቀው ለምን ነበርና!

የሚያሳዝነው፣ ቢራው አንዳንድ ጊዜ ከልብ ጥሩ መሆኑ ነው። መዓዛው ገና ከአፍንጫ ሳይርቅ ይሸታል፤ ስንዴው አፍ ላይ ለስለስ ይላል፤ ምሬቱም ልኩን ያውቃል። ነገር ግን የምስጋና ቃላችንን ሁሉ በመጥፎዎቹ ላይ ጨርሰነው ስለነበር ለጥሩው የተረፈን ያው «ለየት ያለ ነው» ብቻ ሆነ። ወዳጃችንም ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይበት አንድም ምልክት ስላላገኘ ለሚቀጥለው ጠመቃ ብርቱካኑን በግሬፕፍሩት ሊለውጠው ወስኗል። መጠኑንም ከ20 ሊትር ወደ 40 ከፍ አድርጎታል፤ ባዶ ጠርሙስ ያለን ሁሉ እስከ ቅዳሜ እንድናደርስለት መልእክት ልኮብናል።