«ታገሺ» ብቻውን ነርሷን አይጠብቃትም

ድንገተኛ ክፍል በር ላይ እናቱን ይዞ የቆመ ልጅ ምን እንደሚያይ እናስብ። እናቱ ወንበር ላይ ታቃስታለች። ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ከኋላው የመጣ ሰው ግን በአልጋ እየተገፋ ቀጥታ ገባ። ለምን እንደሆነ የነገረው የለም። በመጨረሻ ይጮኻል። ጩኸቱ የሚያርፈው ደግሞ አጠገቡ ባለችው ሲስተር ላይ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለደረሰ ሳይሆን ሕመሙ ለከበደ ነው። ትሪያጅ ላይ፣ ማለትም የሕመም ክብደት በሚለይበት ቦታ፣ ሕመምተኞች በቀለም ይለያሉ። ቀይ ወዲያው ይገባል፣ አረንጓዴ ይጠብቃል። ባለሙያው ይህን ያውቃል። ለአስታማሚው ግን የገባው ሁሉ «ሰው ያለው» ይመስለዋል። በአገራችን ይህ ጥርጣሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ስለዚህ ሊናቅ አይገባም።

«እናትዎን አይተናቸዋል፤ አሁን ለሕይወታቸው የሚያሰጋ ነገር የለም። የገባው ሰው መተንፈስ አቅቶት ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሼ አያቸዋለሁ።» ሲስተሯ ለልጁ ይህን ለማለት ከደቂቃ በላይ አይፈጅባትም። በተባለው ሰዓት መመለስ ግን ግድ ነው። «ተረጋጋ!» ብሎ መጮህ ማንንም አያረጋጋም።

ንዴቱ ከገነፈለ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ማለት፣ ከመፋጠጥ ይልቅ ትንሽ ጎን ብሎ መቆም ይረዳል። መውጫው በር ለባለሙያዋ ቅርብ ይሁን። ስድብ አይመለስም። የእኛ አስታማሚ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ቤተሰብና ጎረቤት ይከተለዋል። «ከመካከላችሁ ማንን ላናግር?» ብሎ ታላቁን ወይም ሰከን ያለውን ለይቶ ማነጋገር ጥሩ መላ ነው። ብዙ ጊዜ ወጣቱን ጎትቶ የሚያስወጣው እሱ ነው።

ሕመምተኛው ራሱ ሲሳደብና ሲማታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስኳሩ የወረደ፣ ጭንቅላቱ የተመታ፣ ኦክስጅን ያጠረው ሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል። «ሰክሮ ነው» ከማለት በፊት ስኳሩና ኦክስጅኑ ይለካ።

ይህን ሁሉ አሳምራ የምታውቅ ነርስም ግን ትመታለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከጤና ባለሙያዎች ከ8 እስከ 38 በመቶ የሚሆኑት በሥራ ዘመናቸው አካላዊ ጥቃት እንደሚደርስባቸው ይገልጻል። አብዛኛውን ጥቃት የሚያደርሱት ደግሞ ሕመምተኞችና ጠያቂዎች ናቸው። እንዲህ ሲሆን ከአለቃ የሚመጣው መልስ «ታገሺ፣ ጨንቋቸው ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ጨንቋቸዋል። ጭንቀት ግን ነርስ ለመምታት ፈቃድ አይሆንም። በ2019 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት 190ኛው ስምምነትም በሥራ ላይ የሚደርስ ጥቃትን መከላከል የአሠሪውም ኃላፊነት እንደሆነ ይናገራል፤ ከባለጉዳይ የሚመጣውንም ከግምት ያስገባል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሆስፒታል አስተዳደሮች ነው። ሌሊት አንዲት ነርስ ብቻዋን ክፍል ውስጥ አትተው። ጥበቃው ዋናው በር ላይ ብቻ ሳይሆን ስትጣራ በሚሰማት ርቀት ይቁም። ውጭ ለሚጠብቁ ቤተሰቦች ወሬ የሚያደርስ ሰው በየፈረቃው ይመደብ። ስለት ወይም ሌላ መሣሪያ ከታየ ወጥታ እርዳታ እንድትጠራ ቀድሞ ይነገራት፤ በመውጣቷም አትጠየቅ። ከተመታች ደግሞ ሆስፒታሉ ራሱ ጉዳዩን መዝግቦ ፖሊስ ጣቢያ ይሂድላት።