አረንጓዴው ሰውዬ ሆይ፣ ዕድሜ ይስጥህ

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ ዜብራ ጋ ቆምኩ። የእግረኛ መብራቱ ላይ ትንሹ አረንጓዴ ሰውዬ በራ። እግሬን አነሳሁ። አንድ መኪና ወደ ቀኝ ታጥፎ መጣና ጉልበቴ ሥር ሲጥጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "አንተ! አታይም እንዴ?" አለኝ።

አያለሁ። አረንጓዴ ነው ያየሁት። ግን ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማየት የነበረብኝ እሱን ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአዲስ አበባን ሾፌር ሳደንቅ ነው የከረምኩት። ሌላው ዓለም እኮ በእግረኛ መብራት ስንት ይደክማል! በርሊን ባርኔጣ የደፋ ሰውዬ አላት። የምሥራቅ ጀርመኑ የትራፊክ ሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ፔግላው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው የነደፈው። ጀርመን ስትዋሐድ ሊያነሱት ቢሉ ሕዝቡ አይነካብንም አለ። ዛሬ ቲሸርትና ኩባያ ላይ ሳይቀር ይሸጣል። የታይዋኗ ታይፔ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 1999 ጀምሮ ሰውዬው መብራቱ ውስጥ ይራመዳል፤ ሰከንዱ ሊያልቅ ሲል ይሮጣል። ምን አስሮጠው? እኛ ጋ የሚሮጠው እግረኛው ነው፤ መብራቱ ቁጭ ብሎ ያያል። እንግሊዝ ብሶባታል። የፈረስ ማቋረጫ አላት። አረንጓዴ ፈረስ ይበራል። ለመሻገር የሚጫኑት ቁልፍም ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፣ ፈረሰኛው ሳይወርድ እንዲደርስበት። ለፈረስ!

ጃፓኖች አረንጓዴውን መብራት "አዎ" ነው የሚሉት። አልቀለድኩም። በቋንቋቸው ሰማያዊ ማለት ነው፤ ዱሮ ሰማያዊውንም አረንጓዴውንም በአንድ ቃል ይጠሩ ስለነበር ስሙ እንደዚያው ቀረ። እና መብራቱ አዎ ይላል፣ ሰው ይሻገራል፣ አለቀ። እንዴት ደረቅ ኑሮ ነው! የኛ ጨዋታ አለው። መብራቱ አዎ ሲል ሾፌሩ እምቢ ይላል። እግረኛው መዳፉን ዘርግቶ ይማጸናል። ሾፌሩ ረጅም መብራቱን ብልጭ ያደርጋል። ያቺ ብልጭታ "እለፍ" ማለት የምትመስለው ከውጭ የመጣ ዲያስፖራ አለ። ፈጣሪ ይጠብቀው። እዚህ "መጣሁልህ" ማለት ናት።

ከሁሉ ከሁሉ ግን የማከብረው ቀይ ላይ የሚንፏቀቀውን ነው።

መቁጠሪያው 60 ሲል ከመስመሩ ኋላ ቆሟል፤ ጨዋ ነው። 50 ላይ ፍሬኑን ለቀቅ ያደርጋል። የፊት ጎማው ዜብራው ላይ ይወጣል። 40 ላይ ጎኑ ያለው መኪና በአንድ ክንድ ይቀድመዋል። ይሄማ አይሆንም፤ እሱም ይገፋል። 30 ላይ ዜብራው ሙሉ በሙሉ ሆዱ ሥር ገብቷል። እግረኛው በፊት ለፊት ልለፍ በኋላ ልዙር ሲል ይደናበራል፤ የአንዷ ሴትዮ ፌስታል ስፖኪዮው ላይ ይንጠለጠላል፤ እሷም እሱም ይሳደባሉ። 20 ላይ አፍንጫውን መስቀለኛው መሀል አስገብቷል። 10 ላይ ጉድ ይፈላል። መብራቱን አልፎታል! ከኋላው ቀርቷል። አንገቱን በመስኮት ያወጣል፣ ወደ ላይ ያንጋጥጣል፣ በስፖኪዮ ይፈልገዋል። የለም። ሃምሳ ሰከንድ ሙሉ የታገለለትን አረንጓዴ ማየት የማይችል ብቸኛው ሰው እሱ ሆነ።

ደግነቱ ከኋላው ወንድሙ አለ። ወንድሙ ገና 5 ሲል ክላክሱን ይለቀዋል። ፒ ፒ ፒ ፒፒፒፒ! የፊተኛው አረንጓዴውን በጆሮው ሰምቶ ይፈተለካል። በሌላ አገር የማቋረጫ መብራት ድምፅ የሚያሰማው ዓይነ ስውር እንዲሻገር ነው። እኛ ጋ ዓይናማ ሾፌር እንዲነዳ ነው። ይሄ ሁሉ ላብ ያተረፈለትን ቆጥሬዋለሁ፤ አራት ሜትር ገደማ ነው። ቀጣዩ ቀይ ላይ ቆሞ በእግሬ ደርሼበታለሁ። እዚያም እየተንፏቀቀ ነበር።

አራት ሜትር! በዚህች ከተማ በትራፊክ አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። መኪና ውስጥ የተቀመጠው አይደለም፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጡት አሮጊት ናቸው። አንተ ቤትህ ስትገባ የገዛ ልጅህን "መንገድ ስትሻገር ተጠንቀቅ" ትለዋለህ። ከማን ነው የሚጠነቀቀው? ካንተ እኮ ነው! ደግሞ አፍህን ሞልተህ "አታይም እንዴ" ትላለህ።

ይቅርታ። ሳላስበው ጮህኩ። ክላክስ ለካ ይጋባል።

ወደ ማክሰኞ ልመልሳችሁ። ተመልሼ የቆምኩበት ጠርዝ ላይ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ነበሩ። ከኔ በፊት ነው የደረሱት። ሰውዬው ሦስት ጊዜ በርቶ ሦስት ጊዜ ጠፋ፤ አንድ እግራቸውን አስፋልቱ ላይ ያወርዳሉ፣ መልሰው ያነሳሉ። በመጨረሻ ወደኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ይሄ አረንጓዴው ለነሱ ነው ለኛ?"

"ለኛ ነው እማማ።"

ትንሽ አሰቡ። "ታዲያ ለነሱ የሆነ ጊዜ እንዴት ሊያደርጉን ነው?"

መልስ አልነበረኝም። ይህን እያልን አንድ ወጣት አምስት በጎች እየነዳ ከተፍ አለ። መብራቱን ቀና ብሎ እንኳ አላየም፤ በጎቹም አላዩም። ዘው ብለው ገቡ። መኪናው ሁሉ ቀጥ አለ። ክላክስ የለ፣ ስድብ የለ። የአንድ በግ ዋጋ ዛሬ ስንት እንደሆነ ሾፌር ሁሉ ያውቃል።

የእማማን እጅ ያዝኩና ከበጎቹ መሀል ገባን። በሰላም ተሻገርን። ዞር ብዬ ሳይ መብራቱ ቀይ ነበር።