ዘፋኙን እንሸልማለን፣ ዘፈኑን ግን አንገዛም

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለዘፋኝ አንሰስትም። ሠርግ ላይም ሆነ በአዲስ ዓመት ኮንሰርት ሃያውን፣ መቶውን ዶላር አውጥተን ግንባሩ ላይ እንለጥፋለን። ያው የሸለመ ሰው ግን በሳምንቱ «እስቲ አዲሱን አልበም በቴሌግራም ላክልኝ» ይላል። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

እዚህ አገር ባንድካምፕ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረ። አሳታሚ የሌለው ሙዚቀኛ ዘፈኑን ራሱ ይጭናል፣ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል፣ ገዢው ከፍሎ ያወርዳል። ከዲጂታል ሽያጩ 15 በመቶው ለድረ ገጹ ነው። አልበሙ 10 ዶላር ከተሸጠ፣ የክፍያ ማስተላለፊያው ሲቀነስ 8 ዶላር ገደማ ለሙዚቀኛው ይቀራል። ሙዚቃ በኢንተርኔት በሚያስደምጠው በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን አንዴ ሲደመጥ የሚገኘው ግን የአንድ ሳንቲም ክፋይ ነው። ኮቪድ መጥቶ መድረኩ ሁሉ ሲዘጋ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ድረ ገጹ በተመረጡ ዓርቦች ድርሻውን ለሙዚቀኞቹ መተው ጀመረ።

እኔን የገረመኝ ግን የገዢው ጠባይ ነው። አንዲት አሜሪካዊት የሥራ ባልደረባዬ በምሳ ሰዓት አጠገቤ ተቀምጣ አልበም ስትገዛ አየሁ። ዋጋው 7 ዶላር ነው፤ ከፈለጉ ጨምረው መክፈል የሚቻልበት ሣጥን አለ፣ እሷ 15 ብላ ጻፈች። ዘፋኟን ታውቂያታለሽ ወይ ብላት አታውቃትም። «ሁለተኛውን እንድትሠራልኝ ነው» አለችኝና ምሳዋን ቀጠለች።

የእኛንም ሙዚቃ እንዲሁ የሚገዙት ፈረንጆች ናቸው። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ጋሽ ኃይሉ መርጊያ እዚሁ ዋሽንግተን ለዓመታት ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል፤ ኪቦርዳቸውን መኪናው ኋላ ጭነው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አገኘው፤ እሳቸውን አፈላልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ፣ በ2018ም አዲስ አልበም አወጡ። ሠላሳ ዓመት ያህል አጠገባችን ነበሩ እኮ! ስንቶቻችን ታክሲያቸው ውስጥ ተቀምጠን ሒሳብ ከፍለን ወርደናል?

አገር ቤት ያለውን ሰው በዚህ ልክ መውቀስ ይከብደኛል። ካሴት በነበረ ጊዜ ሕዝቡ ሙዚቃ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ ይገዛ ነበር። በኋላ ነው ሁሉም ነገር ፍላሽ ላይ በጥቂት ብር የሚጫን የሆነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ከወጣ ቆይቷል፤ ኮምፒውተር ቤቶቹ ግን ሥራቸውን አላቆሙም። ሙዚቀኛው ራሱ በውጭ ድረ ገጽ ልሽጥ ቢል ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ የሚመጣለት ፔይፓል በሚባል የኢንተርኔት ገንዘብ ማስተላለፊያ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ ወዳለው የባንክ ሒሳቡ ማስገባት ግን ቀላል አይደለም። መንገዱ ጠቦበት ነው። የእኛ ካርድ ግን ኪሳችን ውስጥ አለ፣ በየወሩ ለማናየው ፊልም እንኳን ይከፍላል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የደራሲዎቹ ነገር ነው። ሽልማታችን የሚደርሰው መድረክ ላይ ለቆመው ብቻ ነው። ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ሌሊቱን ስቱዲዮ አድሮ ያቀናበረው ሰው እዚያ የለም። በእኛ ልማድ ግጥምና ዜማ አብዛኛውን ጊዜ በቁርጥ ዋጋ ይሸጣል፤ ዘፈኑ ሃያ ዓመት ቢደመጥ ባለግጥሙን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሽያጭ ግን ተቆጥሮ ለሁሉም ሊካፈል ይችላል። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ የስልክ መተግበሪያ ሲያቋቁሙ የተነሡት ከዚህ ሐሳብ ነበር። ኤልያስ መስከረም 2012 ዓ.ም. ዐረፈ። ስንት ዘፈን አቀናብሮ እንደሄደ የሚያውቅ ሰው፣ ያ ሐሳብ የእኛ የሁላችንም ዕዳ መሆኑ አይጠፋውም።

ይህን ሳነሣ ወዳጆቼ «ብንከፍልስ እጁ መግባቱን በምን እናውቃለን?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የሰው ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ጭኖ የሚበላ ሞልቷል። ስለዚህ ልመናዬ ለኮንሰርት አዘጋጆች ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ትኬት በምትቆርጡበት ጠረጴዛ ላይ ዘፋኙ ራሱ ወደሚያስተዳድረው የሽያጭ ገጽ የሚወስድ ኪውአር ኮድ ለጥፉልን። ከሥሩ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹን፣ የአቀናባሪውንም ስም ጻፉ። ዘፋኞችም በሁለት ዘፈን መሃል ማይኩን እንደያዛችሁ «አልበሜ እዚህ ይገኛል፣ ግዙኝ» በሉን፤ አትፈሩን።