ከመረዛችሁት ኩይሳ እንጉዳይ ለቀማችሁ

ወገኖቼ፣ ምስጥ ያስመርራል። ጎጆ ከሥሩ ቦርቡሮ ያዘማል፣ ጎተራ ይገባል፣ የደረሰ በቆሎ መሬት ላይ ያነጥፋል። ንዴታችሁን አልነቅፍም። ባለፈው ክረምት መግቢያ በምዕራብ ወለጋ በአንድ ቀበሌ የተደረገውን ግን ይቅር ለማለት አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስፋልት ዳር ባለ የበቆሎ ማሳ ጫፍ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ነበር። ዓምና በቆሎው ሊደርስ ሲል ስለወደቀ ፍርዱ በኩይሳው ላይ ተበየነ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ጎልማሶች አናቱን በዶማ ሰበሩ። ክሎርፒሪፎስ የተባለ የተባይ መርዝ አንድ ሊትር በውኃ ሳይበጠብጡ በቀዳዳው አንቆረቆሩ፤ ናፍጣ ደረቡበት፤ አፈሩን መልሰው ረገጡት። ጓንት የለ፣ የአፍ መሸፈኛ የለ። በማግሥቱ የሰፈሩ ዶሮዎች ከፍርስራሹ እየተሳበ የሚወጣውን ምስጥ ለቀሙ፤ ቀትር ሳይሆን አረፋ እየደፈቁ አለቁ። ይህን ሰፈሩ በሙሉ አይቷል። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ዝናቡ ሲጠነክር በዚያው ኩይሳ ጥግ እንጉዳይ ፈላ። መርዙን ካፈሰሱት መካከል ሁለቱ ለቀሙት፤ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው አስፋልት ዳር አቀረቡት፤ ለአላፊ መኪና ሸጡት። ለገዛ ቤታቸው አንዲት አላስገቡም።

አንዲት! እንግዲህ ሳያውቁ ነው የሚል ጠበቃ ካለ ይቅረብ። የገዛው ሰው የት ወርዶ፣ ከእነማን ጋር እንደበላው የሚነግረን የለም። የጠየቀም የለም።

እንጉዳዩ ለምን እንደበቀለ ብታውቁ ኖሮ ሥራው በሙሉ ከንቱ እንደነበር በዚያው ቀን ይገባችሁ ነበር። ማክሮተርመስ የሚባለው ኩይሳ ሠሪ ምስጥ በውስጡ እርሻ አለው፤ የሚያርሰውም ተርሚቶማይሰስ የተባለ ፈንገስ ነው። ያረጁት ሠራተኞች ደረቅ ሣር፣ ገለባና ጭራሮ ከውጭ ያስገባሉ። ወጣቶቹ ያንን ከፈንገሱ ዘር ጋር በልተው ኩሳቸውን ፈንገሱ በሚበቅልበት፣ እንደ በግ ጨጓራ በተጣጠፈ መደብ አናት ላይ ይለጥፉታል። ፈንገሱ እንጨቱን የሚያጠነክረውን ሊግኒን በሳምንታት ውስጥ ይሰባብራል፤ ከግርጌ ያለውን ያረጀ መደብ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ይበሉታል። ከላይ ይጨመራል፣ ከታች ይበላል። መደቡ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሙቀትና ብዙ እርጥበት ይሻል፤ ወፍራሙ ግድግዳና የአየር መተላለፊያው ለዚህ የተሠሩ ናቸው። ምስጡ ቢሞት ሌላ ሻጋታ በቀናት ውስጥ መደቡን ይወርሰዋል። ሁለቱ እንዲህ ተሳስረው ከኖሩ 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኗቸዋል።

እንጉዳዩ የዚሁ ፈንገስ ፍሬ ነው፤ ከመደቡ ተነሥቶ ሥር የሚመስል ረጅም አገዳ እየዘረጋ፣ አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። ሕያው መደብ ከሌለ እንጉዳይ የለም። ስለዚህ እንጉዳዩ ሲፈላ ኩይሳው አለመሞቱን መሰከረላችሁ። ክሎርፒሪፎስ ከሸክላ አፈርና ከብስባሽ ጋር ይጣበቃል፤ ያፈሰሳችሁት አብዛኛው ላይኛው አፈር ውስጥ ቀርቷል። ንግሥቲቱ በመሬቱ ልክ፣ እንደ ድንጋይ በጠነከረ ክፍል ውስጥ ናት። ዳር ዳር ያሉት መደቦች አልተነኩም። አገዳው ግን ያንን መርዝ የጠጣ አፈር ሰንጥቆ ነው ብቅ ያለው። ታጥቦና ተጠብሶ ይለቃል ብላችሁ አትመኑ።

በቆሎውስ? መስከረም ላይ እንደ ዓምናው ወደቀ።

ይህ ነው ከንዴት ይልቅ የሚያሳዝነው። በቆሎ በቡቃያነቱ ከግንዱ ተቆርጦ ከወደቀና ዙሪያውን የአፈር ልባስ ካለው፣ አዎ፣ ኩይሳ ሠሪውን ጠርጥሩ። ሊደርስ ሲል ቆሞ የነበረው በድንገት ከተጋደመ ግን ነቅላችሁ ሥሩን ሰንጥቁት፤ ውስጡ ተቦርቡሮ አፈር ከሞላው ማይክሮተርመስ የሚባል ሌላ ምስጥ ነው። እሱም ፈንገስ አራሽ ነው፤ ግን ኩይሳ የለውም፤ መደቡ በማሳው ሥር ተበታትኗል። የዓምናው አወዳደቅ ይህንኑ ይናገር ነበር። አንድ አገዳ የሰነጠቀ ሰው አልተገኘም።

ጥፋቱ የገበሬው ብቻ አይደለም። መርዙን ያለ መለያ ወረቀት ቀድቶ የሸጠ ነጋዴ አለ። ክሎርፒሪፎስ እ.ኤ.አ. በ2025 በስቶክሆልም ስምምነት፣ ማለትም በቶሎ የማይጠፉ መርዞችን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ውል፣ ሊወገዱ ከሚገባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ገብቷል፤ ለአንዳንድ አገልግሎቶች ጊዜያዊ ፈቃድ ቢተውለትም በኩይሳ ጉሮሮ ሳይበጠበጥ ይፍሰስ ያለ የለም። ይህንን የምናውቅ የሙያው ሰዎችም ዕውቀታችንን በእንግሊዝኛ ሪፖርት ከትተን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠናል። ለኛም አይቀርልን።

ሞኝነቱ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በደቡብ አሜሪካ ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖችም እንዲሁ ፈንገስ ያርሳሉ፤ እነሱን ለመግደል የሚበተነው ሰልፍሉራሚድ ሲፈርስ ፒኤፍኦኤስ የሚባል የማይጠፋ መርዝ ይሆናል።

እስቲ ስሙኝ። ምስጥ ከለምለሙ ይልቅ ደረቁን ይመርጣል። ማሳው በከብት ተግጦ፣ አገዳው ተለቅሞና ተቃጥሎ ባዶ ሲሆን የሚቀርለት የእናንተ በቆሎ ነው። የደረሰውን ሳታዘገዩ እጨዱ፤ የወደቀ አገዳና ዛላ መሬት ላይ አታሳድሩ፤ ክምሩን ከመሬት ከፍ አድርጉ። የግድ ኩይሳው ይጥፋ ካላችሁም ከጎን እስከ መሬቱ ልክ ቆፍራችሁ ንግሥቲቱን አውጡ። አድካሚ ነው፤ አንዳንዴም ከአንድ በላይ ንግሥት አለች፤ የጎረቤት ኩይሳም ቦታውን ሊይዘው ይችላል። ቢሆንም ዶሮ አይገድልም።

መርዝ የገባበትን ኩይሳ ደግሞ እሾህ እጠሩበት፣ ለልጆችም ለሴቶችም ንገሩ። አፈሩን ለቤት ምርጊት አትውሰዱት፤ የመርዙ ጠርሙስ ዘይት ወይም ጋዝ አይያዝበት።

ሁሉም ይሰማል ብዬ አልጠብቅም። በየሰፈሩ ግን የትኛው ኩይሳ በየክረምቱ እንጉዳይ እንደሚሰጥ ለይተው የሚያውቁ እናቶች አሉ፤ ዶማው ከመነሣቱ በፊት እነሱ ይጠየቁ። የዘንድሮውንም አገዳ አታቃጥሉት፤ ማሳው ላይ ተዉትና በሚቀጥለው መስከረም ስንት እንደወደቀ ቁጠሩ።